የአያ ይሻው ጣሪያ ድንጋዮች

«ጉና ተራራ ሊፈነዳ ነው» ይላሉ አያ ይሻው። ጧት ለጎረቤት፣ ቀን ለባጃጅ ሹፌር፣ ማታ ለሚስታቸው የሚደግሙት ይህንኑ ነው። ፍል ውሃ ሊታጠብ ወንዛዬ ወርዶ የመጣ ሰው «ውሃው እንደ ድሮው አይደለም፤ እጅ አያስገባም» ብሏቸዋል። በአዋሽ ፈንታሌ መሬት ተሰንጥቆ ሰው መፈናቀሉን ደግሞ በሬዲዮ ሰምተዋል። ሁለቱን ወሬ ገጥመው ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩበት።

ጎረቤታቸው መሠረት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ከደብረ ታቦር ገበያ ስትመለስ መሰላል ላይ አገኘቻቸው፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ። ክዳኑን ነፋስ እንዳይገልበው ጥቂት ድንጋይ መጫን በአገሩ የቆየ ልማድ ነው። የዛሬው ግን ክምር ሆኗል። ከክምሩ ሥር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ወገባቸውን ታመው ከአልጋ የማይነሡት ባለቤታቸው እትየ ዘነበች ተኝተዋል።

«እንደምን ዋሉ አያ ይሻው? ጣሪያ ነው የሚሠሩት ወይስ ካብ?»

«እግዜር ይመስገን። ምድር ስትናወጥ ክዳኑ እንዳይሄድብኝ ነው። መጽሐፍሽ ያላገኘው ብልሃት።»

«ክዳኑን ድንጋዩ ያዘው እንበል። ድንጋዩንስ ማን ይይዘዋል?»

አያ ይሻው ቤታቸውን በእጃቸው የሠሩ ኩሩ ሰው ናቸው፤ በልጅ እግር መረታት አይሆንላቸውም።

«ለመሆኑ ምድርን የሚያናውጣት ምንድን ነው ትያለሽ? መቼም መዓት ነው አትይኝም፤ ተምረሻል።»

«የፈጣሪን ሥራ መመርመር ክህደት አይደለም፣ አያ ይሻው። የቆምንበት ዓለት እንደ ተሰነጠቀ ቅል የተከፋፈለ ነው፤ ስባሪዎቹም ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። በመሣሪያ ከተለኩት የመሬት መንቀጥቀጦች ሁሉ ኃይለኛው በ1952 ዓ.ም. ቺሊ የደረሰው ነው፤ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። የአላስካው፣ የሱማትራው፣ የጃፓኑም ከዘጠኝ አያንሱም። የሁሉም ጠባይ አንድ ነው። የባሕሩ ወለል በየብሱ ሥር ሲገባ ይያያዛሉ፤ ለዘመናት ተጨናንቀው ይቆዩና በድንገት ያመልጣሉ።»

«የኛስ?»

«ሁለት በሬ ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው ሲገፋፉና ተኳርፈው ወዲያና ወዲህ ሲሄዱ አንድ ነው? የኛ ስምጥ ሸለቆ መለያየት ነው። ያናውጣል፣ ቤትም ያፈርሳል፤ የቺሊውን ያህል ጉልበት ግን አያጠራቅምም። ጉና በጥንት ዘመን እሳት የተፋ ተራራ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ገብስ የሚያበቅል አፈራችን የዚያ እሳት ልጅ ነው። ይኩሩበት እንጂ አይሽሹት።»

«አይመጣም ካልሽ ታዲያ ድንጋዬ ምን በደለሽ?»

«አይመጣም አላልሁም። ትንሽም ቢመጣ ሰው የሚገድለው ከላዩ የሚናድበት ነው።»

ከውስጥ የእትየ ዘነበች ድምፅ መጣ። «ይሻው፣ ድንጋዩ ከማን ራስ በላይ እንደሆነ ንገራት እንጂ።»

አያ ይሻው በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ አዩት። አይተውም ወደ መሬት ወረወሩት።

«እኔም ላወርደው አስቤ ነበር» አሉ።

መሠረት ምላሷ ቢበላትም መሰላሉን ያዘችላቸው። ሰው ክብሩን ይዞ ከስህተቱ ሲወርድ መሰላል መያዝ ከመርታት ይበልጣል።

ሳይመሽ ድንጋዩ ሁሉ የአጥር ካብ ሆነ። የእትየ ዘነበች አልጋ ከግድግዳው መደርደሪያ ሥር ተነሣ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረው ከባድ ሣጥንም ወለል ላይ ወረደ። ያዩ ጎረቤቶችም የራሳቸውን ጣሪያ ማቅለል ጀመሩ። ወጪ የለው፣ ድካሙ የአንድ ቀን፤ ትርፉ ግን ሳይፈሩ መተኛት ነው። አያ ይሻውም ስለ ቺሊ ለባጃጅ ሹፌሩ እንደ አገራቸው ያወሩለት ጀመር።

በማግስቱ ክዳኑን ከግድግዳው ጋር እንዲያስር አናጢው ካሳሁን ተጠራ። ወጣ፣ አየ፣ ሳቀ። ቆርቆሮውን የተሸከሙት ወራጆች ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ በወፍራም ሽቦ ከግድግዳው እንጨት ጋር ታስረዋል። ያሳሰሯቸው እትየ ዘነበች ናቸው፤ ወራጆቹ በታሰሩበት ቀን አያ ይሻው ለጣሪያው ድንጋይ ሊለቅሙ ወንዝ ወርደው ነበር።