የዊዘርኮምብ ስድስተኛ መስኮት

እትዬ ዊኒፍሬድ፣ አስቀድሜ ይቅርታዎን። በቄስ ሚስት ፊት፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። ስለዚህ ስም አላነሳም። … ዝናቡስ እንዴት ነው? ጽጌረዳዎ ያዘልዎ? ደግ። እኔ ልብስ የማጥብበት የዊዘርኮምብ ትልቁ ቤት እንኳ ዘንድሮ ብርሃን በዝቶለታል።

አልሰሙም? ጌታው እኮ የተማሩ ናቸው! ያን ቤት አያት ቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ሲያፈርስ አንዱ ሲቀጥል ሦስት መቶ ዓመት ኖሩበት። መጽሐፍ ያገላበጠ የለም፣ ምስኪኖች። እሳቸው ግን አነበቡ። ድሮ በየመስኮቱ ግብር ስለነበር ሰው መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር የሚል አገኙ። ቀና ብለው ቢያዩ፣ የፊት ለፊቱ ስድስተኛ መስኮት ድፍን! «የአያቶቼን ብርሃን አስመልሳለሁ» አሉ። እንዴት ያለ ልብ ነው?

ወንድሜን ኢኖክን ያውቁታል፤ የዚያን ቤት ድንጋይ አርባ ዓመት የጠገነ ግንበኛ። አፉ መቼ ያርፋል? «ጌታዬ፣ ያ መስኮት ሆኖ አያውቅም። ከበሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት እንዲሆን ቅድመ አያትዎ ለመልክ ያስቀረጹት ነው። ከኋላው የትልቁ ምድጃ ጭስ መውጫ ነው» አላቸው። ይህ አሁን ለተማረ ሰው ይነገራል? ከመጠየቅ መደርመስ ይቅደም አይደል ተረቱ?

እንግዳ ተጠራ። ዳኛው፣ ሚስታቸውም በነጭ ቀሚስ፣ ሣሩ ላይ ቆሙ። የመጀመሪያውን መዶሻ ጌታው ራሳቸው አነሱ። ውስጥ ደግሞ የበሬው ጥብስ እሳት ላይ ነው … ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ጥላሸት ይምከረው! የዳኛውን ሚስት ቀሚስ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ውሃ አልበቃውም። በማግስቱ ጭስ ማውጫው ጣሪያውን ይዞ ወረደ። ይኸው አሁን ብርሃኑ በግድግዳው ይገባል፣ በጣሪያው ይገባል … ዝናቡም አልቀረበትም።

ጥፋቱስ የማን ሆነ? የኢኖክ ነዋ! መዶሻውን አላነሳም፤ ግን አስቀድሞ ያወቀ እሱ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰ ምን ጥፋት አለ? እስከ ብሥራት በዓል የሚኖርበትን የጌታውን ጎጆ ለቆ እንዲወጣ ተነገረው። በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ ሚስቱ ከአልጋ ሳትነሳ … የት ይግባ? ግን ጌታው ቸር ናቸው፤ የገዛ መዶሻውን ይዞ እንዲሄድ ፈቅደውለታል።

እኔማ ምን ቂም አለኝ? እሁድ እሁድ እጸልይላቸዋለሁ። ልጅ የላቸውም አይደል? እግዚአብሔር ልጅ ይስጣቸው። ቁርጥ አባቱን የሆነ፣ ያነበበ፣ ምክር የማያሻው። እሳቸው የአባቶቻቸውን ሥራ እንዳከበሩ፣ እሱም የእሳቸውን ያክብርላቸው። እርጅናቸውንም እዚያው ቤት፣ በዚያ ልጅ እጅ ያድርግላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ!

ታዲያ አደራዎን፣ ለማንም እንዳይተነፍሱ። ለቄሱም ቢሆን … ሐሙስ ሐሙስ ከጌታው ጋር ምሳ ይበላሉ አሉ፤ አምልጧቸው እንዳያነሱባቸው።