በምራቅ የሚገኝ ዘመድ

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ስልክ አውርታ እንደጨረሰች አጠገቧ ያሉት ጠና ያሉ ሴት ጠየቋት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ስታወሪ ሰማሁሽ። ዘመድ በምራቅ ይገኛል ነው ያልሽው?»

«አዎ እትዬ። በሕፃንነታቸው በማደጎ ውጭ አገር የሄዱ ልጆች ምራቃቸውን ያስመረምራሉ። እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ውጤቱን ከሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር እያመሳከርን ቤተሰባቸውን እንፈልጋለን።»

«እናትየዋ ካልተመረመረችስ?»

«ወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ ከተመረመረ በእነሱ በኩል ይደረስባታል። አሁን እንኳ የአንዲት ልጅ ውጤት ካናዳ ከሚኖር የዳሪሙ ወረዳ ሰው ጋር ገጥሟል። አጎቷ ሳይሆን አይቀርም።»

«እናትየዋ ለባሏ ያልነገረች ብትሆንስ?»

«ከእሷ በፊት ለማንም አንናገርም። አልፈልግም ካለችም አናስገድዳትም።»

«ልጅቷንስ ያን ጊዜ ምን ትሏታላችሁ?»

«‹ደኅና ናት፤ ጊዜ ስጫት› እንላታለን።»

ሴትዮዋ ወደ ወጣቷ ጠጋ አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድ ልጅም እናቱን ይፈልጋል?»

«ይፈልጋል እንጂ። ወንዶቹ ዘግየት ብለው ነው የሚጀምሩት።»

«የእኔው አሁን ጢም አብቅሏል እንግዲህ።»

ወጣቷ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ጎሬ ስንወርድ ብናወራ አይሻልም እትዬ?»

«ጎሬ መናኸሪያው ላይ ባለቤቴ ይጠብቀኛል። እዚሁ ንገሪኝ፤ ምራቁን የምሰጠው እንዴት ነው?»

ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ ቢያደርገው ብዬ ተመኘሁ።