ግድግዳ የሚነካው ገጽ

ልጆቼ፣ በዚያ ማክሰኞ ማለዳ ከቤቴ የወጣሁት ወንበሬን ለማሠራት ነበር፤ ሹም ሲወርድ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም። አራተኛው እግሩ የተሰበረውን ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ ቁልቁል ስወርድ፣ መንገዱ ሁሉ ይስቃል። በእኔ መስሎኝ ደነገጥሁ። ጋዜጣ ሻጩ ከማዕዘኑ ሆኖ ጮኸ፦

«አባባ፣ ወንበርዎን ይደብቁ! መቀሱ ካየው ለሳሎኑ ይወስደዋል!»

መቀሱ የምንለው የከተማችንን ሹም ነው። ድልድይም ይሁን የውኃ ቧንቧ፣ የሚመረቅ ነገር ካለ ሪባኑን የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ያወጣንለት ስም ነው። ያን ዕለት ጋዜጣው ያወጣው ጉድ እንዲህ ይላል፦ ለትምህርት ቤታችን ዴስክ መሥሪያ የተገዛው ጣውላ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ መቀሱ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በእንጨት ያማረ አዲስ ቤት ገብቷል። እሱ በሬዲዮ ቀርቦ «የቤቴ እንጨት ከአባቴ እርሻ የተቆረጠ ነው» ብሎ ማለ። ነገሩን የሚያጣሩት ሰዎች ደግሞ «የሚያውቅ ካለ እስከ ነገ ቀትር ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ይናገር» ብለዋል።

ሰው በየደጁ ቆሞ ያወራል። ጫማ ሠሪው ይስቃል፤ ልብስ ሰፊዋ «ያሳደገው ሰው ምን ይበል!» ብላ ከንፈር ትመጥጣለች፤ አንዱ ደግሞ «ቀናችሁበት እንጂ ምን አደረገ?» ይላል። መናገር ሁሉም ይናገራል። ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ግን አላየሁም።

ከጎረቤቴ ከአናጢው ደጃፍ ስደርስ የእህቱን ልጅ አገኘኋት። በዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ናት።

«አባባ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት» አለችኝ። «አብረን እንግባና አጎቴን እናነጋግረው። የመቀሱን በር የሠራው እሱ ነው።»

ገባን። አናጢው ከማለዳ ጀምሮ አንዲት ጣውላ በመላጊያ ሲልግ ኖሮ፣ ፍቅፋቂው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ጣውላዋም ቀጥና ቀጥና ማስመሪያ ልትሆን ምንም አልቀራትም።

«ምን አጠፋች ይህች ጣውላ?» አልሁት።

«ወንበርህን እዚያ አስቀምጥና ዝም በል።»

አስቀመጥሁ። በሦስት እግር አልቆም ብሎኝ ግድግዳ አስደግፌ ይዤው ቆምሁ።

«አጎቴ፣» አለች መምህርቷ፣ «የዚያ በር ጣውላ ከየት መጣ?»

«በጭነት መኪና መጣ።»

«መኪናውስ ከየት መጣ?»

«ከመንገድ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም አፈጠጡብኝ።

«ስሚኝ ልጄ፣» አለ አናጢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አባቶች። ይኼ ሰው የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አይሆንም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ያን ተረት የተረቱት የተሾሙት እንጂ የተሾመባቸው አይመስሉኝም። እሱ ሲበላ ማን ጦሙን እንዳደረ ተረቱ አይናገርም። እኔ ልንገርዎ። ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጆች አሉ። ሃያዎቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። ፊደሉ ሁሉ እንደ ጉልበታቸው ጎብጦ ነው የሚወጣው። ሰነፎች እንዳልላቸው፣ ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው እነሱም ቀጥ አድርገው ይጽፋሉ።»

አናጢው መላጊያውን ገፋ፣ ሳበ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«መቀሱ ሰማይ ነው እንዴ? አምና ዝናብ ሲይዘው እዚሁ ደጃፍ ቆሞ ጃንጥላ የለመነን ሰው አይደለም?»

«አልመለሰውም እኮ!» አለ አናጢው ሳያስበው። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ፊቱ መልሶ ጠቆረ።

«እሺ፣ ሄጄ ልናገር። ሰው ምን ይለኛል? ሌባው ሲወጣ መሰላል የያዘለት ይሉኛል። በሩስ? አራት ወር ነው የለፋሁበት። የወይን ሐረግ ቀርጬበታለሁ፤ ቅጠሉ ነፋስ የነካው ነው የሚመስል። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ሥራ ከእጄ አልወጣም። ነቅለው፣ ኤግዚቢት ነው ብለው፣ መጋዘን ይጥሉትና ምስጥ ይበላዋል።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጆቼ፣ ያኔ ነገሩ ገባኝ። እኔ ሹሙን የፈራ መስሎኝ ነበር። ወዳጄን ያስጨነቀው ግን፣ የእጁ ሥራ ሁሉ በኩራት ሲቆም በላጩ የሌብነት ዕቃ ሊባል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቁጣ አይመክሩትም።

«እንጨቱ የትምህርት ቤቱ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልሁት ቀስ ብዬ።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ሥራው ከተጋመሰ በኋላ አወቅሁ። ሁለቱ ጣውላዎች ላይ ቀይ ማኅተም ነበረ፤ ‘ለተማሪዎች ዴስክ’ የሚል። የአንደኛውን ልጌ አጠፋሁት።»

«የሌላውስ?» አለች መምህርቷ።

«የሌላውማ ከጀርባ በኩል ነበር። ግድግዳ የሚነካውን ገጽ አናጢ አይልግም፤ ማን ሊያየው? አባቴም አልላገ፣ እኔም አልልግም። በሩን የያዘው መቃን ከነማኅተሙ ግድግዳውን ተደግፎ...»

ሦስታችንም ተያየን።

«መቀሱ ይህን ያውቃል?» አልሁት።

«እሱ የሚያውቀው ሪባን ነው! መቃን ምን ያውቃል!»

ሳቅን። ስንስቅ ወንበሬ ተንሸራቶ ወደቀ። መምህርቷ አነሣችልኝና ወደ አጎቷ ተመለሰች።

«አጎቴ፣ በሩ አሁን የማን ነው? ዘበኛ ቆሞበታል። እርስዎ የሠሩት እንኳ ላየው ቢሉ በአጥር ቀዳዳ ነው። እኛ ደግሞ አዲስ ቤተ መጻሕፍት አለን፤ በር የለውም። በቆርቆሮ ነው የምንጋርደው። ስድስት መቶ ልጅ በየቀኑ ያንን የወይን ሐረግ እየዳሰሰ ቢገባ አይወዱም? እንጨቱም የእነሱው ነው። ስለ ስምዎም አይስጉ። ጥፋትን ሌላ ሰው ሲያወራው ይበዛል፤ ራስዎ ሲናገሩት ግን ልኩን ይዞ ይቀራል።»

አናጢው ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣ።

«የቤተ መጻሕፍቱ የበር ክፍት ቁመቱ ስንት ነው?»

ልቡ የተመለሰው ያኔ እንደሆነ አወቅሁ። አናጢ ልክ ከጠየቀ ነገሩ አልቋል።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የራሱን ጥፋት አስቀድሞ ተናገረ፦ «አንዱን ማኅተም በዚህ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ሌላው አለ፤ ኑና ላሳያችሁ።» አጣሪዎቹ ከኋላው፣ የከተማው ሰው ከአጣሪዎቹ ኋላ እስከ መቀሱ ቤት ተከተለ። በሩን ሌላ ሰው እንዲነካ አልፈቀደም፤ እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደው። ከዚያ መቃኑን ነቅሎ ገለበጠው። ከልስኑ አቧራ ሥር ቀዩ ማኅተም እንደ ትናንት ደምቆ ታየ።

«አቤት የአባቱ እርሻ!» አለ ጋዜጣ ሻጩ። «ማኅተም ያበቅላል!»

ሳቁና ጭብጨባው መንደሩን ሞላው። ትናንት «ቀናችሁበት» ያለው ሰውዬ ሳይቀር ያጨበጭብ ነበር። መቀሱ ከሹመቱ ወረደ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ገባ። የቀረው ጣውላ ከኮርኒሱና ከቁም ሳጥኑ ወጣ። የከተማው አናጢዎች ተሰብስበው በሦስት ሳምንት ዴስክ አደረጉት። እነዚያ ሃያ ልጆች አሁን ቀጥ አድርገው ይጽፋሉ።

በሩ ለቤተ መጻሕፍቱ ተሰጠ፤ የበሩ ክፍት ዝቅ ያለ ስለነበር የበሩም የመቃኑም እግር በስንዝር ተቆረጠ። ከመቃኑ ተቆርጦ የተረፈው ማኅተም ያለበት ቁራጭ ነው። አናጢው ሳይልገው በበሩ ጎን፣ በልጆች ዓይን ልክ ቸነከረው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

መሰላል ያዥ ያሉት የሉም አልልም፤ አንድ ሁለት ሰው ብሏል። እሱም «እውነት ነው፤ አሁን ግን መሰላሉን ወስጄበታለሁ» ይላል። ዛሬ ጣውላ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ሥራ አይጀመርለትም። ገበያው ይሸሻል ያሉ ነበሩ፤ እንዲያውም በዛለት። ከእሱ የገዛ ሰው ዕቃውን ነገ እንደማይነቅሉበት ያውቃላ። ልጆቼ፣ የሕዝብ ዕቃ የሚጠፋው በሚወስደው ብቻ አይደለም፤ «ምን አገባኝ» ብለን ማኅተሙን በምንልግለትም ነው። አንድ ሰው ያየውን ሲናገር ስንት የልጅ ጉልበት እንዳረፈ ቁጠሩት።

እኔስ? በዚህ ሁሉ ግርግር አናጢው ወንበሬን የረሳው መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሰንበት በትከሻው ተሸክሞ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ብቀመጥበት አይነቃነቅም። ከሄደ በኋላ ልቤ አላስቻለኝም፤ ገለበጥሁት። ከመቀመጫው ሥር፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ፣ በአናጢ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦

«አራተኛው እግር፦ ከራሴ አልጋ ራስጌ የተቆረጠ። ሚስቴ ታውቃለች። አሁንም ተቆጥታለች።»