በእንግሊዝኛ የሁላችንም አባት ገበሬ ነው

መምህር ይርጋ ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ባዶ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። እሱም ሊቀመጡበት ከማይፈልጉት ሰው አጠገብ ሆነ። ስርጉት የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰፈሩን ተማሪዎች በረንዳዋ ላይ ሰብስባ ታለማምዳለች። የመምህር የልጅ ልጅ ቤዛዊትም ትሄድ ነበር፤ መምህር ከለከሏት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

«ይቀመጡ እንጂ መምህር፤ እኔ አልናከስም» አለች ስርጉት ቦርሳዋን ወደ ጭኗ እየሳበች።

«መናከስ ለተማረ ሰው ምን ያደርግለታል፤ በብዕሩ ይጨርስ የለም ወይ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

መምህር ይርጋን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል እንጂ የከተማው ጎልማሳ እንግሊዝኛ የተማረው ከሳቸው ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን የድሮ ተማሪ ትምህርቱን ሳያስወጡት አያሳልፉም። ትራፊክ ፖሊስ ይሁን ነጋዴ፣ ቆሞ በእንግሊዝኛ «አባቴ ገበሬ ነው። ሁለት በሬዎች አሉት። ገብስ ይዘራል። እኔም አባቴን እረዳለሁ» ብሎ ካልተወጣው አይለቁትም። ከተወጣው ግን ፊታቸው ይበራል። «አየህ፣ የኔ ትምህርት አይጠፋም» ይላሉ። እውነትም አይጠፋም። ያኔ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ እንኳ የልጆቹ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች በትምህርት ቤቱ አጥር ሲያልፉ፣ እንስራ እንዳዘሉ አብረው ያወርዱት ነበር፤ የሚሉትን ባያውቁትም።

በዚያ ቀን ግን ፊታቸው አልበራም። ገሳይ የሄዱት አማቻቸው ጠርቷቸው ነው።

«የቤዛዊት አባት ምን አሉ?» አለች ስርጉት ዝግ ብላ።

«ዘንድሮም የመልቀቂያ ፈተናውን ካላለፈች አረብ አገር አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች አለ። ከደላላው ጋር ጨርሷል።»

«እርስዎስ?»

«ምን እላለሁ። ያሳደግኋት እኔ፣ የወለዳት እሱ።»

«ታዲያ መምህር፣ ነገሩ እዚህ ከደረሰ ከበረንዳዬ ለምን ያስቀሯታል?»

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፍል ውስጥ የሚጠርጉት ዓይነት ነበር። «ስለማዝንላት ነዋ፣ ልጄ። አንድ ቀን የምትጽፈውን አየሁት። ደህና ዓረፍተ ነገር ትወስዱና ትገለብጡታላችሁ። ትጠይቁበታላችሁ፣ ‹አይደለም› ትሉበታላችሁ፣ ጅራቱን ራስ ታደርጉታላችሁ። ባለቤቶቹ አስበው አስተካክለው ያተሙትን፣ እናንተ ምን ጎደለው ብላችሁ ነው የምታርሙት?»

«አናርመውም፤ እናፍታታዋለን። አምና ቤዛዊት የርስዎን ዓረፍተ ነገሮች በቃሏ ይዛ አልነበረም ፈተና የገባችው?»

«አንዲት ሳትስት።»

«ስትወጣ ምን አለችዎት?»

መምህር ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያለችውን አልረሱትም። «አባባ፣ የጠየቁኝ የማውቀውን ነው፤ ፊቱን አዙረው ስላመጡት ግን አላወቅሁትም» ነበር ያለችው።

እዚህ ላይ ሚኒባሱ ወደ ግራ አዘመመና ቆመ። ጎማ ተንፍሷል። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። ጉና ደመናውን ለብሷል፤ ከገብሱ ማሳ የሚመጣው ብርድ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ ደረጄ ክሪኩን ይዞ ከመኪናው ሥር ሲንበረከክ፣ ድንች ነጋዴዋ እትዬ ጌጤ ከጣራው ላይ ባስወረደችው ጆንያዋ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። መምህርና ስርጉት መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ። መኪናው ቢቆምም ክርክራቸው አልቆመም።

«ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት ውለዋል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች ስርጉት።

የሽማግሌው ፊት ሳያስቡት ለሰለሰ። «ከጣራ ገዳም ማዶ። አይ ጊዜ። ጠዋት የኔታ ምሥጢሩን አሳይተው ይለቁናል። እያንዳንዱ ደበሎውን ተከናንቦ የየራሱን ዛፍ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ማንም ማንንም አያናግርም። ከሩቅ ያየ ሰው የታመምን ይመስለዋል። ሲመሽ የቆጠርነውን ለየኔታ እናሰማለን። ያማረለት እራቱን ረስቶ ይተኛል። እራት ካለው ነው እንግዲህ።»

«የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሰው ቢያሰሟቸውስ?»

«‹ይርጋ፣ ይቺን ትናንት በልቻታለሁ› ይሉኝ ነበር።»

«የሌላ ሰው ቢያሰሟቸውስ?»

«እሱማ ውርደት ነው።»

«ዳዊትንስ ሲማሩ እንደዚሁ ነበር?»

«ኧረ ዳዊት በቃል ነው። አንዲት ፊደል አይነካም።»

ስርጉት ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲህ መምህር፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ሁለቱንም ተምረዋል። መያዝንም፣ ከያዙት ተነስቶ የራስን ማለትንም። ለተማሪዎችዎ ግን የዳዊቱን መንገድ ብቻ ሰጧቸው፤ የቅኔውን ለራስዎ አስቀሩት።»

ንግግሯ ነክቷቸዋል። ሆኖም መምህር በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «ግዕዝ የቤታችን ነው፤ እናገላብጠዋለን። እንግሊዝኛ እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል እንጂ አይገላበጥም።»

«እንግዳም ይህን ያህል ዘመን ከተቀመጠ ውሃ ቅዳ ይባላል፣ መምህር።»

እትዬ ጌጤ ከጆንያዋ ላይ ሳቀች። መምህር የተሸነፉ ስለመሰላቸው ማስረጃቸውን ፍለጋ ዞር ሲሉ ደረጄን አዩት። የድሮ ተማሪያቸው ነው።

«ደረጄ፣ ያስተማርኩህን እስቲ ተወጣው፤ ይቺ ልጅ ትስማ።»

ደረጄ መፍቻውን እንደያዘ ብድግ አለ። ሽበት ቢጀምረውም እጁን እንደ ልጅነቱ በጎኑ አሳርፎ ገበሬውንም፣ በሬዎቹንም፣ ገብሱንም አንድ ሳያጎድል አወረደው። ተሳፋሪው አደነቀ። መምህር ስርጉትን በዓይናቸው «እህሳ» አሏት።

«ግሩም ነው» አለች ስርጉት። «ደረጄ፣ አባትህ ምን ነበሩ?»

«አባዬ? ልብስ ሰፊ። ነፍሱን ይማረውና ከገበያው ዳር ነበር የሚሰፋ። የመምህርን ኮት ሁሉ የሰፋ እሱ ነው።»

«እሱን በእንግሊዝኛ ንገረን።»

ደረጄ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ማይ ፋዘር…» አለ። ቆመ። ወደ ጉና አየ፣ ወደ ጎማው አየ። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «የሰውየውን መርፌ ቀምታችሁ ሞፈር አስያዛችሁት» አለች እትዬ ጌጤ። ደረጄም አብሮ ሳቀ። «ምን ላርግ፤ አፌ እዚያች መንገድ ከገባ አይወጣም። ባለፈው ወደ ላሊበላ እንግዶች ይዤ ስሄድ፣ አንዷ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። ሁለት በሬዎች አሉት አልኳት። በሬዎቹን ፎቶ ካላነሳሁ ብላ መንገድ ሙሉ ስታስጨንቀኝ ዋለች።»

መምህር ይርጋ አልሳቁም። ያ የጥንቱ ክፍል ዓይናቸው ላይ መጣ። የሸማኔው ልጅ፣ የቄሱ ልጅ፣ የዘበኛው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ የአንድ ገበሬ ልጆች ነበሩ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው አልማዝ አባቷን አታውቀውም፤ በጡት እያለች ነው የሞተባት። እሷም «አባቴን እረዳለሁ» ትል ነበር። ከሁሉም የሷ ድምፅ ይጎላ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ ከስርጉት በቀር ማንም እንዳይሰማ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩት ለከንቱ ነው በይኛ።»

ስርጉት ይህን አልጠበቀችም። የማሾፍ ወጓ ጠፋ። «አይደለም መምህር። ደረጄ ያቺን ባይይዝ ኖሮ የምንለውጠው ነገር ከየት ይመጣ ነበር? እኔም በረንዳዬ ላይ የምጀምረው ከተያዘ ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው እርምጃ ትንሽ ነው። ይዩት።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ደረጄ፣ ሁሉንም አትንካ። ገበሬውን ብቻ አውጣና ልብስ ሰፊ አግባበት።»

ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ አወጣው።

«አሁን ደግሞ ያለፈ ነገር አድርገው። በሕይወት የሉማ።»

«ማይ ፋዘር ወዝ ኤ ቴለር» አለ። አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ደረጄ መፍቻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረና «እንዲህ ቀላል ኖሯል?» አለ፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ፤ ብሎኑን ሲያጠብቅ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ ይደጋግማት ነበር።

ደብረ ታቦር ገቡ። መምህር ከመኪናው ሲወርዱ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?» አሏት።

በማግሥቱ ቤዛዊትን ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። እዚያ ያዩትን ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ወላጅ ሁሉ ሲያስረዱ እንሰማቸዋለን። «ልጅህ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ያድርገው፣ ይካደው፣ ወደ ትናንትና ወደ ነገ ይውሰደው፣ ሁለቱን አጋጥሞ አንድ ያድርግ፣ አንዱን ለሁለት ይክፈል። ያን ጊዜ ፈታኝ ፊቱን ቢያዞርበት አይደነግጥም፤ ጀርባውንም ያውቀዋላ። ደግሞ በሰው አባት አይምልም፤ የራሱን ይናገራል» ይላሉ። በቃል ማስጠናቱን ግን አልተዉም። መጀመሪያ ይያዝ፣ ከዚያ ይለወጥ፤ ይኸው ነው አዲሱ ሕጋቸው። እንደ አሮጌው ሕግ ሁሉ በዚህም መንገድ ላይ ያስቆሙናል።

ስለ ፈተናው የቸኮለ አይጠፋምና፣ ቤዛዊት አለፈች። አሁን ነርስነት ትማራለች፤ ደላላውም ሌላ ቤት ሄዷል።

ለኔ የማይረሳኝ ግን ያ የበረንዳው የመጀመሪያ ቀን ነው። መምህር ከወጣቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና ተራው ደረሳቸው። ልለፍ ቢሉ ልጆቹ እምቢ አሉ። «አባባ፣ ስለ ራስህ አባት በል» አለች ቤዛዊት።

ስንቱን ልጅ ስለ አባቱ ያናገሩ ሰው ስለ ራሳቸው አባት በእንግሊዝኛ ተናግረው አያውቁም ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቃሎቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። «አባቴ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም «አባቴ በበቅሎ አፈናጥጦ ትምህርት ቤት አስገባኝ» አሉ።

«ሁለቱን አንድ ያድርጓቸው፣ መምህር» አለች ስርጉት።

ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ቤዛዊት ልትረዳቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ «ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ እኔን ትምህርት ቤት አስገባኝ» አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«አሁን ወደ ጥያቄ» አሉ ልጆቹ፤ ጨዋታውን ለምደውታል።

መምህር ይርጋ ጥያቄውን አሰናድተው ተናገሩት፤ አንዲት ስህተት አልነበረበትም። «ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ እኔን ለምን አስገባኝ?» በአማርኛም ቢሆን ጠይቀውት አያውቁም ነበር፤ የሚመልስላቸው ሰውም ካረፈ ዘመን ሆኖታል።