በራፌ ላይ የሚንሾካሾክ ሰው

— ሄሎ?... አዎ፣ ሩወይዳ ነኝ፤ ማን ልበል?... ሃዚም! አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩን ስላላወቅኩት ከዩኒቨርሲቲው ቢሮ መስሎኝ ኮስተር አልኩብህ።... የኢናስ ስልክ ነው? ሚስትህን ሰላም በልልኝ።

— እንኳን ደወልክ። እኔም ልደውልልህ እያልኩ፣ ስልኩን አንስቼ ስመልሰው ነው የሰነበትኩት። የምነግርህ ነገር አለ... ቆይ፣ ተማሪዎቼ ይውጡልኝ። (አልጋውን እንዳለ ተዉት፣ እኔ አነጥፈዋለሁ። ሱንዱስ፣ ያንን የጉሉኮስ መስቀያ ወደ ጥግ አድርጊልኝ የኔ ልጅ።) ሄሎ? አለሁ፣ አለሁ።

— ምን አስተማርሽ? ምነው ዛሬ፣ ጠይቀኸኝም አታውቅ!... የካንሰር ሕሙማን እንክብካቤ ነው። በሽተኛዋ "ምን ሆኜ ነው?" ስትል ነርሷ ምን እንደምትመልስ ስንለማመድ ዋልን።... በመለማመጃው አሻንጉሊትማ እንዴት ይሆናል፣ አሻንጉሊት አይጠይቅ! በሽተኛ የሚሆን ሲጠፋ እኔው አልጋው ላይ ወጣሁ።... ሳቅ፣ ሳቅ። እነሱም ስቀዋል።

— ስማኝ እንጂ። በያን የምትባለው ተማሪ ነርስ ሆነች፣ ሱንዱስ ደግሞ የበሽተኛዋ ልጅ። በያን ገና አልጋው አጠገብ ከመድረሷ፣ ሱንዱስ ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ! ማንም አላዘዛትም እኮ። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "እናቴ እንዳትሰማ፤ ኢንፌክሽን ነው በያት፤ የዚያን በሽታ ስም እንዳትጠሪባት።" ሌሎቹም ተነስተው አጎት ሆኑ፣ አክስት ሆኑ፣ በሩ ላይ ተኮልኩለው ሹክ ሹክ።... አዎ፣ ልክ አባታችን የታመመ ጊዜ እንደሆነው።

— ሁልጊዜማ እቆጣለሁ። "ሕመሙ የሷ ነው፣ ማወቅም ያለባት እሷ ናት" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ዛሬ ግን ዝም ብዬ ተኛሁ።... እኔ እንጃ። ደስ አለኝ መሰለኝ።

— (ደህና ዋሉ፣ ደህና ዋሉ። በሩን ዝጉት።)... ሄዱ። እኔና አሻንጉሊቱ ብቻ ቀረን።

— በልቻለሁ።... ዳቦና ወይራ።... አይ፣ መንሰፍ ካማረኝ ቆይቷል፤ ግን ያን ሁሉ የበግ ሥጋና እርጎ ለአንድ ሰው ብሎ ማን ይሠራል?

— ሃዚም... እየነዳህ አይደለም አይደል?... ቤት ነህ። ጥሩ። ባለፈው ሆስፒታል ሄጄ ነበር።... ለተማሪዎቹ አይደለም፣ ለራሴ። ጡቴ ላይ እብጠት ነገር ዳሰስኩና ናሙና ወሰዱልኝ።... ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።

— ውጤቱን ልሰማ ስገባ ሐኪሙ ፊቴን አላየም፤ ከኋላዬ በሩን ነው ያየው። "አብሮሽ የመጣ ሰው የለም? ባል? ወንድም?" አለኝ። የለም አልኩት። ተነስቶ ኮሪደሩን አይቶ ተመለሰ። የሚነግረው ሰው ፈልጎ እኮ ነው! ሲያጣ ጊዜ ለኔው ነገረኝ።... አዎ።... አዎ፣ እሱው ነው። ያ በሽታ... አየህ? ይሄን ሁሉ ዓመት ስሙን ጥሩት እያልኩ አስተምሬ፣ ለወንድሜ መጥራት አቃተኝ።

— የነገረኝማ ልክ እንደማስተምረው ነው፤ በግልጽ፣ ፊት ለፊት። ትክክልም ነው። ነገም እንደዚያው ነው የማስተምረው። ግን ዛሬ እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ልጆቹን ስሰማ... ምነው ለኔም በራፌ ላይ የሚንሾካሾክልኝ ሰው በነበረኝ አልኩ። ከፋኝ ሃዚም። በጣም ከፋኝ።

— ሃዚም?... ሄሎ?... ትሰማኛለህ?

— ማን ናት?... ኢናስ? ምን እያልካት ነው?... ለምንድነው ድምፅህን ዝቅ ያደረግከው?

— አይ፣ ምንም አልሰማሁም። ስልኩን በእጅህ አፍነኸው ምን ይሰማኛል?... ስለ ልጆቻችሁ ነው?... እሺ። ስለ ልጆቻችን ነው ካልክ ስለ ልጆቻችሁ ነው።... ነገ? ሁለታችሁም? ያን ሁሉ መንገድ፣ ከአቃባ ድረስ?... ኢናስን መንሰፍ አምሯት? እሷን ነው ያማራት!... እሺ፣ ኑ። ድስቱ ትልቅ ነው።

— አላለቅስም።... ኧረ አላለቅስም። ቆይ፣ ቶሎ አትዝጋው። ተንሾካሾኩ፣ ጨርሱ... እኔ ምንም አይሰማኝም።