ጥርስ የሌለው ሰዓት

በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ እህቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያ ወጥቼ በእግሬ ስጓዝ የእጅ ሰዓቴ መቆሙን አየሁና መንገድ ላይ ካገኘሁት የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። የሱቁ ባለቤት አቶ ሸረፋ ከልጃቸው ከባሂራ ጋር ክርክር ይዘው ሳሉ ደረስኩ። ሰላም ተባብለን የወልቂጤ መምህር መሆኔን ስነግራቸው ወንበር አቀረቡልኝ።

«እንኳን መጡ፤ እንግዲያው እርስዎ ይፍረዱን» አሉ። «ይቺ ልጄ እናንተው ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ትማራለች። ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ወንድሜ ከማሉ ደግሞ መርካቶ ሱቅ አለው። ከልጄ ሌላ የሚታመን ሰው አጣሁ፣ ባሂራን ላክልኝ ይለኛል። ሱቅ የታወቀ እንጀራ ነው። እሷ ግን ትምህርቴን አላቋርጥም አለች። እስቲ የተማርሽውን አሳዪኝ ብላት ይኸን አመጣችልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለች። ከሰሌዳዋ ጋር አንዲት ትንሽ ሞተር በሽቦ ተያይዛለች፤ በሞተሯ አናት ላይ የጣት ያህል ክንድ ተገጥሟል።

«ይኸ ነገር ጊዜ ይቆጥራል ትለኛለች» ሲሉ ቀጠሉ። «እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰዓት በመፍታት ነው። ሞላ የለው፣ ጥርስ የለው፤ በምን ይቆጥራል?»

«አባ፣ እሱም የራሱ አለው» አለች ባሂራ በትህትና። «ይቺ ብርማ ቆርቆሮ ውስጥ ክሪስታል የሚባል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በአንድ ሰከንድ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። እርስዎ በሚፈቱት ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትለው መንኮራኩር ማለት ነው።»

አቶ ሸረፋ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

«ምንም አይታይም። ይሁን፤ ያንን ሁሉ ማን ይቆጥረዋል?»

«በዚች ጥቁር ቺፕ ውስጥ ታይመር የሚባል ቆጣሪ አለ። በጣም ስለሚፈጥንበት ስምንቱን እንደ አንድ ቁጠር ብዬ ጽፌለታለሁ።»

ሽማግሌው መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። «ትንሹ ጥርስ ስምንት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንዴ እንደሚዞረው?»

«እንደሱ ነው፣ አባ።»

«ይኸማ የኔው ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ እስከዚያ ድረስ አቶ ሸረፋ ትምህርት የሚጠሉ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ልጃቸውን የሚሰዱበት መንገድ በእጃቸው የማይጨበጥ ሆኖባቸው መፍራታቸው ነበር፤ ብዙ ወላጆችም እንዲህ ናቸው።

ባሂራ ላፕቶፗን ከፈተች። «ታይመሩ አርባ ሺህ ሲሞላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህም በሰከንድ ሃምሳ ዙር ይሆናል። በየዙሩ መጀመሪያ ወደ ሞተሯ በሚሄደው ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቃል። እስከ ሁለት ሺህ ቆጥሮ ካጠፋው ክንዱ ወደዚህ ጫፍ ይመጣል። እስከ አራት ሺህ ካቆየው ወደዚያኛው ጫፍ ይሄዳል።»

«መሃል ላይ አቁሚው እስቲ።»

ሦስት ሺህ ብላ ጻፈች። ክንዱ ዞሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። አቶ ሸረፋ የሰዓት ቀስት እንደሚገፉ ሁሉ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ክንዱ እምቢ አለ። ጠንከር አድርገው ሲገፉት ትንሽ ሸርተት አለና፣ ጣታቸውን ሲያነሱለት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰውዬው እጃቸውን ሰበሰቡ። «የሰዓት ቀስት የገፉትን ይሰማል፤ ይኸ ለምን ይመለሳል?»

«ሰርቮ ሞተር ስለሆነች ነው። ያለችበትን ቦታ ከታዘዘችበት ጋር ታስተያያለች። ልዩነት ካገኘች እስኪስተካከል ድረስ ትሄዳለች።»

«ሱብሃነላህ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የሚያስደንቅ ነው፤ አልክድም። ግን ለቤት ምን ይረባል?»

«እሱን ልጅዎ ብትመልስ ይሻላል» አልኳቸው።

«እማ ለበርበሬው ችግኝ ጠዋትና ማታ በጀሪካን ውሃ ትሸከማለች፤ ወገቧን እየጎዳት ነው» አለች ባሂራ። «ነገ ማለዳ እማ ሳትሸከም ይቺው ሞተር ችግኙን ታጠጣለች። ካልሆነልኝ መርካቶ እሄዳለሁ።»

አባትዬው ተስማሙ፤ እኔንም ምስክር ይሁኑ ብለው ቀጠሩኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ከቤታቸው ጓሮ ደረስኩ። የቧንቧ ውሃ በመጣ ጊዜ የሚሞላው በርሜል ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከሥሩ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ወጥቶ፣ ብዙ ቀዳዳ ተበስቶለት በችግኙ መደብ ላይ ተዘርግቷል። ቱቦውን ጨምቆ የያዘው ያ ትንሽ ክንድ ነው፤ ኃይሉም ከሞተር ሳይክል ባትሪ ይመጣል። ባሂራ የሚከፍትበትን ሰዓት ማታውኑ ጽፋለት ስለጨረሰች፣ ከእኛ ጋር ከጓሮው ደጃፍ ቆማ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታለች። እናቷ ወይዘሮ አሚኔ አላመኑም መሰለኝ፣ ጀሪካናቸውን ሞልተው ይዘዋል።

ሰማዩ ወገግ ሲል ከጓሮው አንዲት ቀጭን የሞተር ድምፅ ተሰማች። ክንዱ ተነሳ። ቱቦው ነፍስ እንደዘራ ሁሉ ነፋ አለና ውሃው ከቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እየተንጠባጠበ በመደቡ ላይ ወረደ። በአጠገቡ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ አሚኔ ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። አፈሩ እየጠቆረ ሲሄድ ሁላችንም አየን። የተጻፈለት ጊዜ ሞልቶ መደቡ ሲረካ ክንዱ ተመልሶ ቱቦውን ዘጋ።

«ሰዓት ማለት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረን ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ አቶ ሸረፋ በመጨረሻ። «ለካ እጅ ከገጠሙለት ሥራም ይሠራል።» ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት። «ትምህርትሽን ጨርሺ።»

እኔም የፍርዱን ቃል ሳልናገር ቀረሁ፤ አላስፈለገም። የወይዘሮዋ ወገብ ያርፋል። ውሃው ሥሩ ላይ ብቻ ስለሚወርድ በርሜሉ ይበረክታል። ይህን ያየ የአካባቢው የመስቃን ገበሬም ነገ ለራሱ ማሠራቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሰዓት ሱቁ ሰዓት የሚይዝ ሰው ቢጠፋ እንኳ ሥራ አያጣም። ልጅን ከትምህርት አስቀርቶ ዛሬን መሙላት ይህን ሁሉ ማጣት ነው።

አቶ ሸረፋ ግን ስልካቸውን አውጥተው ወንድማቸው ጋ ደወሉ።

«ከማሉ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ባሂራ አትመጣም። ቅር አይበልህ፣ ምክንያቱን ስትመጣ በዓይንህ ታየዋለህ» አሉት። ጥቂት አዳመጡና ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «ስማኝማ። ልጅህን ዑመይርን ሱቅ ይጠብቅልኝ ብለህ ከትምህርት አስቀርተኸው የለ? እባክህ ወንድሜ፣ መልሰህ አስገባው።»

አቶ ሸረፋ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ የወንድማቸውን መልስ ሳይቸኩሉ ጠበቁ።