እንባ ያልወጣት እናት

«እኔ እምለው፣ የገደለችው እናቱ ናት!» አሉ ከሳንጃ የመጡት አጎቴ፣ አያ ዋሴ።

«ጎረቤቱ ነው! አሁን ሲታሰር አላዩም እንዴ?» አለ እንግሊዛዊው ዳይሬክተር።

በማራኪ ሰፈር በተካሄደው የፊልም ፌስቲቫል፣ ፊልሙ አልቆ ተመልካቹ አስተያየት ሲሰጥ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ድምፄ ደግሞ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም። ዳይሬክተሩ ለዚህ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተዋናይ የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላጣ፣ የሟቹን እናት አድርጎ ያሠራው የገዛ እናቱን ነው። እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነበር።

«ምነው፣ ልጇን አፈር አልብሳ፣ እንባ ጠብ ሳይላት ሻይ ትጠጣ?» አሉ አያ ዋሴ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ደገፋቸው። ዳይሬክተሩ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ ፈራሁና «እናትህ ሸጋ ተዋናይ ናቸው ይላሉ» አልኩት። እናቱ ግን ሳቁን ሰምተው ኖሮ «እውነቱን ንገሪን» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ እኮ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼ ነበር። ካሜራው ተበላሽቶ ሳይቀረጽ ቀረ አላልከኝም?»

«አልተበላሸም» አለ ልጅየው። «ተመልካቹ ትንሽ እንዲጠረጥርሽ ብዬ ለቅሶሽን ቆረጥኩት።»

አያ ዋሴ «ምን አለች? አመነች?» እያሉ ክንዴን ሲጎትቱ፣ እናቱ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።